መድኃኒት የተጨመረበት ውሃ ስለሚቆይበት ጊዜ

እናቶች ሆይ፤ በኮላ ድባና በአካባቢው ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ የቀዳችሁትን ውሃ እንደ ውሃ አጋር ባለ መድኃኒት ማከማችሁ መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ «ጠማኝ» ሲል ወዲያው መቅዳት መድኃኒቱን በከንቱ ማፍሰስ ነው፤ ተቅማጡም በዚያች ችኮላ ይገባል። በመድኃኒቱ ውስጥ ያለው ክሎሪን ተሕዋስያንን እንደ ጥይት ባንድ ጊዜ አይገድልም፤ ቀስ በቀስ ነው። ቢያንስ 30 ደቂቃ ተከድኖ ይቀመጥ።

ሰዓት የሌላት እናት ቡናውን ማጠብ ስትጀምር መድኃኒቱን ትጨምር፤ ቶናው ሲቀዳ ጊዜው አልፏል። (በአቦል ብቻ የሚነሣ ቤት ግን ይታገሥ።)

ብርድ ሥራውን ያዘገየዋል። ጠላ በቆላ ፈጥኖ፣ በደጋ ዘግይቶ እንደሚደርስ፣ ክሎሪንም በሞቃቱ ደምቢያ ይፈጥናል፤ በደባርቅ ብርድ ይዘገያል። ውሃው እጅ የሚያደነዝዝ ከሆነ አንድ ሰዓት ይቆይ።

የድፍርስ ውሃ ነገር ግን በመቆየት ብቻ አይፈታም። ክሎሪኑ ከጭቃውና ከቆሻሻው ጋር ሲታገል ኃይሉ ያልቅበታል፤ ለተሕዋስያኑ የሚተርፍ የለም። እንዲህ ያለውን ውሃ ጭቃው እስኪዘቅጥ አስቀምጡት፤ ከላይ ያለውን በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ አጣሩ፤ ከዚያ በጠርሙሱ ላይ ለድፍርስ ውሃ የተጻፈውን ልክ ጨምሩ።