በሰፈራችን መጋዘን ውስጥ ምን አለ?

በዚህ ትምህርት፣ አደገኛ ኬሚካል ሲፈነዳ ወይም ጋዝ ሆኖ ሲያመልጥ አንድ ሰፈር ራሱን እንዴት እንደሚያድን እንመለከታለን። «ይህ የመንግሥትና የፋብሪካ ጉዳይ ነው፤ እኛን የቤት ሠራተኞችን ምን አገባን?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውለው ማን ነው? ማዳምና ሚስተር ሥራ ሲሄዱ ልጆቹንና አቅመ ደካማ ሽማግሌዎችን የሚጠብቀው ማን ነው? አደጋ በዚያ ሰዓት ቢመጣ መጀመሪያ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ከቤሩት የምንማረው

በፈረንጆች አቆጣጠር ኦገስት 4 ቀን 2020 በቤሩት ወደብ እሳት ተነሣ። ብዙ ሰዎች ጢሱን ለማየት ወደ መስኮትና ወደ በረንዳ ወጡ፤ በስልካቸው የሚቀርጹም ነበሩ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ እንዳለፈ በመጋዘን ቁጥር 12 የነበረው አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከ6,500 በላይ ቆሰሉ፤ 300,000 ያህል ሰዎች ቤታቸው ፈርሶ ወይም ተጎድቶ መጠጊያ አጡ። ከሞቱትና ከቆሰሉት መካከል እንደ እኛ ለእንጀራ ከሌላ አገር የመጡ ነበሩበት። ብዙዎችን ያቆሰለው የረገፈ መስታወት ነው።

ይህ ኬሚካል ለማዳበሪያ ይውላል። በ2013 በመርከብ መጥቶ በ2014 መጋዘን ገባ፤ 2,750 ቶን ያህል ነበር። አደገኛነቱን የሚያውቁ ባለሥልጣኖች ነበሩ፤ ደብዳቤም ተጻጽፈውበታል። ለወደቡ ጎረቤቶች ግን የነገራቸው አልነበረም። እሳቱን እንዲያጠፉ የተላኩት 10 የእሳት አደጋና የሕክምና ሠራተኞችም አንድ ሳይቀሩ ሞቱ።

የሰፈር ዕቅድ ማለት ምን ማለት ነው?

በዲሴምበር 1984 በሕንድ አገር በቦፓል ከተማ ከአንድ የተባይ ማጥፊያ ፋብሪካ መርዛማ ጋዝ በሌሊት አመለጠ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ከቤት ወጥተው ጋዙ ወዳለበት ሮጡ። ከዚያ ወዲህ በ1986 በአሜሪካ ሕግ ወጣ፤ ፋብሪካዎች ያከማቹትን አደገኛ ኬሚካል ለአካባቢው እንዲያሳውቁ፣ በየአካባቢውም የአደጋ ዕቅድ የሚያወጣ ኮሚቴ እንዲቋቋም አዘዘ። በ1988 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት 10 ደረጃዎች ያሉት መመሪያ ለሁሉም አገሮች አዘጋጀ።

የዚህ ሁሉ ዋና ሐሳብ፣ አደጋ ሳይደርስ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ተሰብስቦ መመለስ ነው፦

1. በአካባቢያችን ምን አደገኛ ነገር አለ? የትስ ነው ያለው?
2. አደጋ ቢደርስ ማን ምን ይሠራል?
3. ሰዉ በምን ምልክት፣ በየትኛው ቋንቋ ይነገረዋል?
4. ዕቅዱ በልምምድ ተሞክሯል ወይ?

የመመሪያው የመጨረሻ ደረጃ ነዋሪውን ማስተማር ነው። እናንተም ነዋሪ ናችሁ። ማስታወቂያ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዓረብኛ ስለሚነገር እነዚህን ቃላት ያዙ፦ ሐሪቅ (እሳት)፣ ኢንፊጃር (ፍንዳታ)፣ ሳክሩ ሽባቢክ (መስኮቶቹን ዝጉ)።

እህቴ፣ በቤት ውስጥ ምን ታደርጊያለሽ?

ትልቅ እሳት ወይም ጢስ በሩቅ ብታዪ፦ ለማየት ወደ መስኮት አትሂጂ። ልጆቹን ይዘሽ መስታወት ወደሌለበት ኮሪደር ግቢ። ፍንዳታ ሲሆን ብርሃኑ ይቀድማል፤ መስታወት የሚሰብረው ግፊት ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ ብርሃን ካየሽ ወዲያው ከመስኮት ራቂ፤ ወለል ላይ ተኝተሽ ፊትሽንና ራስሽን ሸፍኚ።

መርዛማ ጋዝ በውጭ ካለ፦ በጁን 27 ቀን 2022 በዮርዳኖስ በአቃባ ወደብ ክሎሪን የያዘ ታንክ ከክሬን ላይ ወድቆ 13 ሰዎች ሞቱ፤ ከ250 በላይ ተጎዱ። የከተማዋ ነዋሪዎች ከቤት እንዳይወጡና መስኮት እንዲዘጉ ተነገራቸው። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። መስኮትና በር ዝጊ፤ ኤሲውን አጥፊ፤ በበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ አድርጊ፤ አፍና አፍንጫን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ምድር ቤት አትደበቂ። ውጡ የሚል ትእዛዝ ከመጣ ግን ውጪ።

የወጥ ቤት ጋዝ ቢሸትሽ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ መስኮት ክፈቺ፤ መብራት አታብሪ፣ አታጥፊም፤ ልጆቹን ይዘሽ ውጪ። ሕንፃው ራሱ ሲቃጠልም እንዲሁ መውጣት ነው፤ በሊፍት ሳይሆን በደረጃ።

ስለ ቁልፍ

ከውጭ ተቆልፎባቸው የሚውሉ እህቶች እንዳሉ እናውቃለን። ከተቆለፈ በር ኋላ ሆኖ «ውጡ» ቢባል ዕቅዱ ሁሉ ከንቱ ነው። ማዳም ጥሩ ስሜት ላይ ባለችበት ሰዓት፣ «ማዳም፣ እርስዎ በሌሉበት እሳት ቢነሣ ልጆቹን በየት ላውጣቸው?» ብለሽ ጠይቂ። ጥያቄው ስለ ልጆቿ ስለሆነ ለመስማት ይቀላታል። ቁልፍ ባይሰጥሽ፣ ናቱሩ ዘንድ አንድ ትርፍ ቁልፍ እንዲቀመጥ ለምኚ።

እርስ በርሳችን

በእረፍት ቀን ስትገናኙ ተመካከሩ። በሰፈራችሁ ወደብ፣ የነዳጅ ማደያ፣ የጋዝ ሲሊንደር መሸጫ፣ የቀለም ወይም የማዳበሪያ መጋዘን አለ? እረፍት የማታገኘውን እህት ማን ይደውልላታል? የእያንዳንዷን የሕንፃ ስምና ፎቅ ጽፋችሁ ያዙ፤ የቤቷን አድራሻ በዓረብኛ መናገር የማትችል እህት ካለች አስጠኗት። በሊባኖስ ያላችሁ እነዚህን ቁጥሮች በቃላችሁ ያዙ፦ ቀይ መስቀል 140፣ ሲቪል መከላከያ 125፣ እሳት አደጋ 175። በሌላ አገር ያላችሁ የዚያን አገር ቁጥር ጠይቃችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምትሠሪበት ቤት መስታወት የሌለበት ቦታ የትኛው ነው?
2. ጋዝ በውጭ ሲሆንና በወጥ ቤት ሲሆን የምናደርገው ለምን ይለያያል?
3. ዛሬ ማታ አደጋ ቢደርስ በመጀመሪያ የምትደውይላት እህት ማን ናት? አንቺንስ ማን ይደውልልሻል?