ቀንዱ ከኋላ የሆነ ትል

ለመሆኑ ቀንዱ በጅራቱ በኩል የሆነ ትል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ በመስከረም ቦሌ አራብሳ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ካለች የድንች መደብ ላይ አየን። ባለመደቧ እናት «ልጆቼ፣ ተምች ገባብኝ፤ መድኃኒት ልረጭ ነው» ብለው ጠሩን። ከመካከላችን አንዱ ገና ሳያይ «አዎ እማማ፣ ተምች ነው» ብሎ አረፈው። አስተማሪ ሊሆን ነው እንግዲህ!

ቀርበን ስናይ ግን ተምች አልነበረም። ተምች በመንጋ ይመጣል፤ የሚወደውም እንደ በቆሎ፣ ጤፍና ማሽላ ያለውን የሣር ወገን ነው። ርዝመቱ ከ4 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምችም ቢሆን ዋና ምግቡ በቆሎ ነው። የእማማ ትል ግን ብቻውን ነው። ማስመሪያ ብናስጠጋው 11 ሳንቲ ሜትር ሆነ። አባጨጓሬ ነው እንዳንል አንዲት ጠጉር የለውም። ቢጫ ገላው ላይ በየጎኑ 7 ሰያፍ መስመሮች፣ ጅራቱ ላይ ደግሞ ጫፉ የተጠቀለለ ሻካራ ቀንድ አለው።

መለያው ይኸው ቀንድ ነው። የስፊንክስ የእሳት ራት እጮች አብዛኞቹ አላቸው፤ ያስፈራል እንጂ አይናደፍም። ሲነኩት የፊት ገላውን ቀና አድርጎ፣ ራሱን አቀርቅሮ ፀጥ ስለሚል የግብፁን ስፊንክስ ይመስላል፤ ስሙም ከዚያ መጣ። የእኛው አኬሮንቲያ አትሮፖስ ይባላል፤ ሲያድግ ጀርባው ላይ የራስ ቅል የሚመስል ምልክት ያወጣል፣ ቀፎ ገብቶም ማር ይሰርቃል። አረንጓዴና ቡናማም ስለሚሆን በቀለም ብቻ አትፍረዱ። ስኳር ድንች ላይ የሚገኘው አግሪየስ ኮንቮልቩሊ ቀንዱ ለስላሳ ነው። ወይን ላይ ሆኖ ከፊት በኩል በጎኑ የዓይን ምስል ካለበት ሂፖቲዮን ሴሌሪዮን ጠርጥሩ።

ፍለጋው ከመሬት ይጀምራል፤ ትሉ ቅጠል መስሎ ይለጠፋልና። ኩሱ ትልልቅ ነው፣ እንደ ትንሽ በርሜል ሆኖ ቦይ ቦይ አለው። ትኩስ ኩስ ካያችሁ ቀና ብላችሁ ከበላዩ ያለውን ቅርንጫፍ እዩ። ማታ በባትሪ ቢሆን ደግሞ ይቀላል። አስተናግር ላይም ስለሚገኝ ተክሉን ከነካችሁ እጃችሁን ታጠቡ፣ መርዛም ነው።

«እማማ፣ ተሳስተናል» ማለቱ ከበደን፤ ግን አልን። በመደቡ የነበሩት 3 ትሎች ብቻ ስለሆኑ በእጅ ተለቀሙ፤ መድኃኒቱ ቀረ። አንዱን አፈር በሞላ ጣሳ አምጥተነው በሦስተኛው ቀን ፑፓ ሊሆን አፈር ውስጥ ገባ። ጣሳው በባዮሎጂ ክፍል መስኮት ላይ ነው። እባካችሁ አፈሩን አትጫሩት።