አሮጌ የድንጋይ ዕቃ ቤት እንዴት ይታደሳል?

በአዲስ አበባ፣ መርካቶ ውስጥ ጎጃም በረንዳ የሚባል ሰፈር አለ። ከየት አገር ሰው ጋር እንደተቆራኘ ስሙ ራሱ ይናገራል። መርካቶ የሰፋው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገበያው ከአራዳ ወደዚያ ሲዛወር ነው።

እህል ገዥ ወሬ አያበዛም። እጁን ወደ ጆንያው ሰድዶ ከታች ይዘግናል። ያየዋል፤ ያሸተዋል። ሻጋታ ከሸተተው ዋጋውን ይሰብራል፤ አለዚያም «ይቅርብኝ» ብሎ ያልፋል። ገበሬው ግን ከአውድማ ያስገባው ንጹሕ ማኛ ጤፍ ነበር። ታዲያ ማን አበላሸው? ብዙ ጊዜ ያበላሸው እህሉ የከረመበት ቤት ነው።

በብዙ ጓሮ አያት ወይም አባት የሠሩት የድንጋይ ዕቃ ቤት ይገኛል። ግንቡ የተያያዘው በጭቃ ነው። ጣሪያው ሲያፈስና ጥጉ ሲረግፍ ሰው «አርጅቷል፣ ይፍረስ» ይላል። አትቸኩሉ! ድንጋዩ ቶሎ አያረጅም። የሚያረጀው በድንጋዮቹ መካከል ያለው ጭቃና ከላይ ያለው ጣሪያ ነው። ሁለቱም ደግሞ በገበሬ እጅ ይጠገናሉ።

የቤቱ ጠላት ውሃ ነው። ከላይ በጣሪያው ቀዳዳ ይገባል። ከጎን ዝናቡ ጭቃውን እያጠበ ይገባል። ሦስተኛውን መንገድ ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ ውሃ ከታች ወደ ላይም ይወጣል። ኩራዝን አስቡ። ጋዙ ከታች ሆኖ ክሩን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣ የለም? በግንብ ውስጥም እርጥበት እንዲሁ ይወጣል። ከግንቡ ሥር አፈርና ፍግ የተከመረ እንደሆነማ ጨርሶ አይደርቅም።

እንግዲህ መዶሻ ከማንሣታችሁ በፊት ቤቱን ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። ቱንቢ ካላችሁ ከላይ ወደ ታች ልቀቁት፤ ከሌላችሁ በገመድ ጫፍ ድንጋይ እሰሩ። ግንቡ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍቶ ከሆነ ሰውም ከብትም በአጠገቡ እንዳያልፍ ከልክሉ። ይህ የቀልድ ነገር አይደለም፤ የተነፋ ግንብ ሳይታሰብ ተንዶ ሰው ይገድላል። እንዲህ ያለው ሥራ ልምድ ያለው ግንበኛ ይፈልጋል።

ስንጥቅ ካለ ደግሞ ስንጥቁን አሻግራችሁ ስስ ጀሶ ወይም ኖራ ለጥፉበት። ጭቃ አይሆንም፤ ጭቃ ሲደርቅ ራሱ ስለሚሰነጠቅ ያታልላችኋል። የለጠፋችሁበትን ቀን በምስማር ጫር አድርጋችሁ ጻፉበት፤ «ጥቅምት 5» ብላችሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጥፉ ደኅና ከሆነ ስንጥቁ የድሮ ነው፣ መሙላት ይቻላል። ልጥፉ ከተሰነጠቀ ግን ግንቡ አሁንም እየሄደ ነው ማለት ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው ግንቡን እንዲህ አድርጎ ያነባል።

ለሥራው የሚመቸው ጊዜ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ዝናቡ ያቆማል፤ አዲሱ ጤፍም ገና አልገባም፤ ዕቃ ቤቱ ባዶ ነው። ልጥፉን የሚጠብቅ ስንጥቅ ለሌላ ጊዜ ይቆይ እንጂ ሌላውን ሥራ ያኔ ጀምሩ። ጎረቤት በደቦ ቢመጣ ድንጋይ ማጋዙ ቀላል ነው። ጠላው ግን ከሥራ በኋላ ይሁን! ሰክሮ ግንብ ላይ መውጣት አያዋጣም።

መጀመሪያ ከግንቡ ሥር የተከመረውን አፈር አንሡ። ከቤቱ ራቅ አድርጋችሁ ውሃ መውረጃ ቦይ ቆፍሩ፤ መሠረቱን ግን አትንኩ። በግንቡ ላይ ዛፍ በቅሎ ከሆነ ቁረጡት እንጂ አትንቀሉት። ሥሩ ሲነቀል ድንጋዩን ይዞ ይወጣል።

ቀጥሎ የላላውን ጭቃ ሦስት ጣት ያህል እየጠለቃችሁ አውጡ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሜትር በላይ አትክፈቱ፤ ከላይ ያለውን በእንጨት ደግፉ። ድንጋዩን በውሃ አርጥቡ፤ ደረቅ ድንጋይ የጭቃውን ውሃ መጥጦ እንዳይያያዝ ያደርገዋል። በየመካከሉ ረጃጅም ድንጋይ አጋድማችሁ የውስጡንና የውጩን ፊት አያይዙ፤ ሸማኔ ድሩን በማግ እንደሚያያይዘው ማለት ነው። ክፍተቱን በትንንሽ ድንጋይ ሸብልቁ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ጥቂት ሳምንት የቦካ ይሁን።

«ሲሚንቶ ብንመርገው አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። ለጭቃ ግንብ አይሻልም። ሲሚንቶ አያስተነፍስም። ሰው ላስቲክ ለብሶ ሲሠራ ላቡ ውስጥ እንደሚቀር፣ ከታች የወጣው እርጥበትም ከሲሚንቶው ጀርባ ይቀራል፤ ጭቃውን ያረጥባል፤ በመጨረሻም ምርጉ ይላጣል። ኖራ ግን ያስተነፍሳል። አፄ ፋሲል በ1624 ዓ.ም. ነግሠው በጎንደር ያሠሩት ግንብ በድንጋይና በኖራ ነው። ዛሬ ፖርትላንድ የሚባለው ሲሚንቶ በእንግሊዝ አገር የተፈለሰፈው ገና በ1817 ዓ.ም. ነበር።

ኖራ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ነው፤ ይህ ድንጋይ በዓባይ ሸለቆ በሰፊው አለ። የተቃጠለው ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ስለዚህ ኖራውን ጥቂት በጥቂት ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን ኖራው ላይ አትድፉ። ልጆችን አርቁ። ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሲበርድ አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ አሸዋ ጋር ይለወሳል። ከተመረገ በኋላ ከፀሐይ ከልሉት፤ ለጥቂት ቀን ውሃ እርጩት። ቶሎ ከደረቀ ይፈረፈራል።

ስለ ጣሪያው ብዙ አልልም። አሮጌ ቆርቆሮ መርካቶ ውስጥ፣ ምናለሽ ተራ ይገኛል። ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ እዩት፤ ቀዳዳ ካለው ብርሃኑ ያጋልጠዋል። ምስማሩን በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ምቱ፤ ውሃ በጎድጓዳው ስለሚወርድ በዚያ የተመታ ያፈስሳል። ጣሪያው ከግንቡ ቢያንስ አንድ ክንድ ወጣ ይበል።

ጆንያውንም መሬት ላይ አታስቀምጡ። በድንጋይ ላይ የእንጨት ርብራብ ሥሩለት፤ ከግንቡም አንድ ስንዝር ይራቅ።

ጥያቄዎች፤
1. በስንጥቅ ላይ በተለጠፈው ኖራ ቀን የሚጻፍበት ለምንድን ነው?
2. አሥራ ሁለት ባልዲ አሸዋ ቢኖራችሁ ስንት ባልዲ ኖራ ያስፈልጋችኋል?
3. በእናንተ ዕቃ ቤት ውሃ የሚገባው በየት በኩል ነው? ሄዳችሁ እዩና በደብተራችሁ ጻፉ።