የማሳመኛ ደብዳቤ አጻጻፍና የአደጋ ዝግጁነት ትምህርት

ድርቅ በአንድ ሌሊት የሚደርስ አደጋ አይደለም። ዝናብ ከተቋረጠበት ጊዜ አንሥቶ ረሀብ እስኪገባ ድረስ ወራት ያልፋሉ። እነዚህ ወራት ብዙውን ጊዜ የሚባክኑት ምልክቱ ሳይታይ ቀርቶ ሳይሆን፣ የታየው በወቅቱና በሚያሳምን አኳኋን ሳይገለጽ ወይም ሰሚ ሳያገኝ በመቅረቱ ነው። በ1965 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው እልቂት ለዚህ ምስክር ነው። የሰብሉ መጥፋት አስቀድሞ ቢታወቅም ጉዳዩ ተሸፋፍኖ ቆየ፤ የዩኒቨርስቲ መምህራንና ተማሪዎች ከስፍራው ያመጡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው ማሳየታቸው ዝምታውን ለመስበር ረድቷል።

ስለሆነም ድርቅ በሚያጠቃቸው ወረዳዎችና በሰፈራ መንደሮች የደብዳቤ አጻጻፍ ከአደጋ ዝግጁነት ጋር ተጣምሮ ቢሰጥ ጠቀሜታው የጎላ ነው። በብዙ ቤት የቤተሰቡን ደብዳቤ የሚጽፈው ተማሪው ልጅ ነውና።

መምህሩ በመጀመሪያ ሁለት አባባሎችን በሰሌዳ ላይ ጽፎ ያነጻጽራል። አንደኛው፣ «ሕዝቡ እጅግ ተቸግሯልና አስቸኳይ ርዳታ ይደረግልን» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ከመጋቢት 10 ቀን ወዲህ ዝናብ አልጣለም፤ ከሦስቱ ምንጮች ሁለቱ ደርቀዋል፤ የእርሻ በሬውን ለገበያ የሚያወጣው ሰው በየሳምንቱ እየበዛ ሄዷል» ይላል። የፊተኛው ያሳዝናል እንጂ ምን መደረግ እንዳለበት አያመለክትም፤ የኋለኛው ግን ተመርምሮ ሊረጋገጥ ይችላል።

ቀጥሎ ተማሪዎቹ ደብዳቤውን በአራት ክፍል ያዘጋጃሉ፦ ያዩትን ነገር፣ ርምጃው ቢዘገይ የሚከተለውን ጉዳት፣ የሚጠይቁትን፣ እንዲሁም ኅብረተሰቡ በራሱ የሚያከናውነውን። በሬው ከተሸጠ ዝናቡ ቢመለስም ገበሬው የሚያርስበት እንደማይኖረው፣ ዘሩ ከተበላም የሚዘራው እንደሚያጣ መግለጽ ከብዙ ልመና ይበልጥ ያሳምናል። ጥያቄውም ቶሎ የሚደርስ ዘር ከዘር ወቅት በፊት እንዲቀርብ እንደማለት የተወሰነ መሆን ይገባዋል። ማጋነን ግን ፈጽሞ መወገድ አለበት፤ ቁጥሩ ሐሰት ሆኖ የተገኘበት ጸሐፊ በሚቀጥለው ዓመት እውነቱን ቢናገርም የሚያምነው አያገኝም።

ቀኑ፣ አድራሻው፣ «ጉዳዩ» የሚለው መስመርና ግልባጩ ከተሟሉ በኋላ ደብዳቤው በመምህሩ ታርሞ በደብተር ውስጥ እንዲቀር አያስፈልግም፤ ለቀበሌው አስተዳደር ሊደርስ ይገባል። ተቀባዩም ባጭሩም ቢሆን መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። መልስ ያላገኘ ተማሪ የሚማረው መጻፍ ከንቱ መሆኑን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ዝግጅቱም ደብዳቤውም ቀኑ ሳይጨልም የሚሠሩ ናቸው።