ለአንድ ፕሮሰሰር ተለይቶ የተዘጋጀ ኮድ የሚያስከትለው ስጋት

ፕሮግራም ኮምፓይል ሲደረግ «ማርች ኔቲቭ» የተባለው አማራጭ ከተመረጠ፣ ኮምፓይለሩ የዚያን ማሽን ፕሮሰሰር ልዩ ትእዛዞች ሁሉ ይጠቀማል። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ የተዘጋጀ የዝናብ ማስሊያ ፕሮግራም ዋድላ ወረዳ ኮን ከተማ ደርሶ በ2012 እ.ኤ.አ. በተሠራ ኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ቢከፈት፣ ኩባንያው በ2013 ያወጣው የኤቪኤክስ 2 ትእዛዝ ሲያጋጥመው ይቋረጣል። ይህ እንኳ ቀላሉ ነው፤ ጉድለቱ ይታያል።

ይበልጥ የሚያሠጋው ፕሮግራሙ ሳይቋረጥ ውጤቱ ሲለወጥ ነው። ኤፍኤምኤ የተባለው ትእዛዝ ማባዛትንና መደመርን አዋሕዶ አንድ ጊዜ ብቻ ያጠጋጋል፤ በተናጠል ሲሰሉ ግን ሁለት ጊዜ ይጠጋጋሉ። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ካልተከለከለ በቀር ውሕደቱን በራሱ ያደርጋል። ስለሆነም ከአንድ ምንጭ ኮድና ከአንድ መረጃ ሁለት የተለያዩ ድምሮች ሊገኙ ይችላሉ። ልዩነቱ ኢምንት ቢሆንም፣ በድርቅ መለኪያ ወሰን ላይ ላለ ወረዳ ፍርዱን ሊገለብጥ ይችላል። ለእርዳታ ውሳኔ የሚውል ስሌት «ኤፍፒ ኮንትራክት» ተዘግቶ፣ የተመረጠውም የፕሮሰሰር ዓይነት ከውጤቱ ጋር ተጽፎ ሊቀርብ ይገባል።