«ተቃጥሏል» የተባለ ሰብዉፈር ሳይለካ አይለወጥም

የመኪናው ሰብዉፈር ድምፅ ሲያቆም ሶማሌ ተራ ወርዶ ሌላ የሚገዛ ባለመኪና ጥቂት አይደለም። አዲሱም በሳምንቱ ዝም ካለ ኪሳራው እጥፍ ይሆናል። ዕቃው ተለወጠ እንጂ የብልሽቱ መነሻ አልተገኘምና።

ምርመራው ገንዘብ ከማያስወጣው ይጀምራል። በቅድሚያ ፊውዙ፣ ከባትሪ የሚመጣው ሽቦና ከመኪናው አካል ጋር የታሰረው መስመር ይታያሉ። ቀጥሎ ደህንነቱ የታወቀ ስፒከር በዚያው የአምፕሊፋየር መስመር ላይ ይሞከራል። እሱ ከሠራ ጥርጣሬው ወደ ሰብዉፈሩ ይዞራል።

ያን ጊዜ ሽቦዎቹ ተነቅለው ኮይሉ በቴስተር ይለካል። ባለ 4 ኦም ኮይል አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኦም ያነባል። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ኮይሉ ተበጥሷል፤ ንባቡ ወደ ዜሮ ከቀረበ ውስጡ ተገናኝቷል። ባለሁለት ኮይል ከሆነ ሁለቱም ለየብቻ ይለካሉ። ንባቡ ደህና ሆኖም የሚርገበገበው ወረቀት በእጅ በቀስታ ሲጫን ከተፋጨ፣ ወይም የቃጠሎ ሽታ ካለው፣ ዕቃው ተጎድቷል። ያገለገለ ዕቃ ገዢ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ይህን ቢያደርግ ከደላላው ምስክርነት የተሻለ ማስረጃ ያገኛል።

አነስተኛ አምፕሊፋየር ስፒከር አያቃጥልም የሚለው የገበያ ወሬ ግን ያሳስታል። ከአቅሙ በላይ ሲከፈት የድምፁ ሞገድ ጫፍ ይቆረጣል፤ ኮይሉም እየጋለ ይሄዳል። ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩም ጭነቱ 2 ኦም ስለሚሆን፣ ለዚህ ያልተሠራ አምፕሊፋየር ይግላል ወይም ይዘጋል።

ስለዚህ አዲሱ ሰብዉፈር ከመታሰሩ በፊት የአምፕሊፋየሩ መክፈቻ ዝቅ ይበል፤ አለዚያ ባለመኪናው ለአንድ ብልሽት ሁለት ጊዜ ይከፍላል።