ትራኮማ በፊዚክስ መነጽር

የፊዚክስ መምህር ስለ ዓይን በሽታ መጻፉ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ አጭር ነው፤ ዓይን የብርሃን መሣሪያ ነውና።

ብርሃንን በአብዛኛው የሚያጥፈው ውስጠኛው ሌንስ ይመስለናል። ይሁን እንጂ ከዓይን ጠቅላላ ኃይል፣ ከ60 ዳዮፕተር ገደማ፣ 43 ያህሉ የኮርኒያ፣ ማለትም የፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን ድርሻ ነው። ምክንያቱም የብርሃን ስብረት የሚወሰነው በሁለት አካላት የስብረት ኢንዴክስ ልዩነት ሲሆን፣ የአየር 1.00፣ የኮርኒያ ደግሞ 1.38 ገደማ ነው። ውኃ ውስጥ ዓይናችንን ስንገልጥ ሁሉም የሚደበዝዝብን የውኃ ኢንዴክስ 1.33 በመሆኑ ልዩነቱ ስለሚጠብ ነው።

ኮርኒያ ብርሃን የሚያሳልፈው ጥቃቅን የኮላጅን ክሮቹ በሥርዓት ስለተደረደሩ ነው። ጠባሳ ሥርዓቱን ሲያፈርስ ብርሃን በደመና ውስጥ እንደሚሆነው ይበተናል።

ትራኮማ ይህን ጠባሳ የሚያመጣው እንዴት ነው? ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለው ባክቴሪያ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከሕፃን ወደ ሕፃን ይተላለፋል። ሕመሙ ለዓመታት ሲመላለስ የዓይን ቆብ ውስጡ ጠባሳ ይይዝና ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፤ ሽፋሽፍቱም ኮርኒያውን ይፍቃል። በደቂቃ 15 ጊዜ ብንርገበገብ፣ በ16 ሰዓት ውስጥ 14,400 ፍቂያ ማለት ነው። ፀጉሩን በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ቢያስታግስም መልሶ ይበቅላል።

በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 40 ከመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ አዚትሮማይሲን በሰፊው ቢታደልም በሽታው ከአገራችን አልጠፋም።

ተማሪዎችን ከሚያጠቁት የአንጀት ጥገኛ ትሎች ጋር ትራኮማን አንድ ነገር ያገናኘዋል፤ ሜዳ ላይ የተጣለ ዓይነ ምድር። ትራኮማን የሚያዛምተው ዝንብ እንቁላሉን የሚጥለው እዚያ ነው። የወስፋት እንቁላል ከዚያው ተነሥቶ ወደ አፍ ይገባል፤ የመንጠቆ ትል እጭ ደግሞ ባዶ እግርን ሰርስሮ ይገባል። መድኃኒት ያለውን ሕመም ያክማል፤ መጸዳጃ ቤትና ውኃ ከሌሉ ግን ልጁ እንደገና ይያዛል።

የስምንት ዓመት ልጅ ዛሬ ሰሌዳውን አጥርቶ ያነብ ይሆናል። ዕዳው የሚጠየቀው ጎልማሳ ሲሆን ነው፤ በተለይም ሕፃናትን በሚያሳድጉ እናቶች ላይ ይበረታል። ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ ለዕረፍት ወደየቀያችሁ ስትመለሱ የታናናሾቻችሁን ፊት አስታጥቡ፤ የእናቶቻችሁንም ሽፋሽፍት ተመልከቱ። የተቀለበሰ ካለ ቆቡን በቀላል ቀዶ ሕክምና ማቃናት ይቻላልና፣ ኮርኒያው ሳይጠብስ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።